ያልገባሁበት ቤተ ክርስቲያን

«ገብተሃል ወይስ አልገባህም? የጠየቅሁህ ይህን ብቻ ነው።»

«የጻፍሁት እዚሁ ላይ አለ፤ ድጋሚ ላንብበው?»

«ሰማነው እኮ! ጣሪያው በኮከብ ፈንታ ሐረግ የበቀለበት ሰማይ ነው አልህ። የተቀረጸው አንበሳ ሊናገር ትንሽ ነው የቀረው አልህ። እኔ የምጠይቅህ ስለ አንበሳው አይደለም፤ ስለ እግርህ ነው። እግርህ ያን ደጃፍ አልፏል?»

የአጥቢያችን ጭቃ ሹም ይህን ሲሉ በደጀ ሰላሙ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳቁ። ደጀ ሰላሙ የቤተ ክርስቲያናችን አጥር መግቢያ ላይ ያለ ጠባብ ቤት ነው። አንድ የእንጨት መዝጊያ አለው፤ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ይንቋረራል። እሑድ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ጠበሉም ዳቦውም ቀማምሶ፣ ሰዉ ለክርክር በቂ ጉልበት ነበረው። እኔ መሃል ላይ ቆሜ አራት ገጽ ወረቀት ይዣለሁ። ቄሱ አጎቴ ከደብሩ አለቃ አጠገብ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው መሬት መሬት ያያሉ። ጭቃ ሹሙ ለሚጠይቁት ጥያቄ መልሱን ከእኔ ሌላ የሚያውቁት አጎቴ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው ከጣሪያ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ፣ ጽድ በከበበው ጉብታ ላይ ያለች ናት። ከውጭ ላያት ሰው ክብ የሣር ቤት ናት። ከክቡ ውስጥ ግን ሌላ ቤት አለ፤ ማዕዘን ያለው፣ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ፣ ማን እንደ ሠራው የሚናገር ሰው የሌለ። የሣሩን ቤት አያቶቻችን በላዩ ያለበሱት ከዝናብ እንዲጠብቀው ነው ይባላል። ሣሩ ግን አርጅቷል፤ ክረምት ሲገባ ውኃው ያልፋል። ባለፈው ክረምት አጎቴ ሲቀድሱ ዲያቆን ጃንጥላ ይዞላቸው ነበር፤ ከጃንጥላው ያመለጠው ጠብታ ስንክሳሩ ላይ ወርዶ የሁለት ወር ንባብ አጥቧል።

ስለዚህ ቆርቆሮ ይግባ ተባለ። ከደብረ ታቦር የመጣ ግንበኛም ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረና፣ ቆርቆሮ የሚሸከም አዲስ ግድግዳ ለማቆም የውስጡ አሮጌ ቤት መፍረስ አለበት፣ ድንጋዩም ለመሠረት ይሆናል አለ። ጭቃ ሹሙና አብዛኛው ሰው ተስማሙ። አጎቴም ተስማሙ፤ የዚያ ጃንጥላ ነገር ከልባቸው አልወጣም። አለቃው ብቻ አመነቱ። «ስማዳ ውስጥ አፍርሰው በቆርቆሮ የሠሩ አሉ። ጋይንት ውስጥ ደግሞ እንደ እኛው የድንጋዩን ቤት በሣር ቤት ውስጥ ሸሽገው ያኖሩ አሉ። ሁለቱንም ሂዳችሁ እዩ። ከዚያ እንወስናለን» አሉ።

አጎቴ ተላኩ። እኔም የተላክሁት አጎቴ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ካህናት ማንበብ እንጂ መጻፍ ስለማያውቁ ነው። ዳዊት በቃላቸው፣ ቅዳሴ በዜማቸው፤ ብዕር ግን ይዘው አያውቁም። እኔ ደግሞ ከዳዊት በኋላ ቅኔ ቤት ሳልገባ አቋርጬ፣ ገበያ ለገበያ እየዞርሁ ለባላገር ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ለጃንሆይ የሚጻፍ ማመልከቻ ደረቅ አይሆንም፤ አንዱ በሬ የተወሰደበት ሰው ልጁን የተነጠቀ መስሎ ካልቀረበ ማን ያየዋል? በዚያ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። በሱቅ መጠቅለያ፣ በማመልከቻ ትራፊ ላይ ነው የምጽፈው። ሰዎች «ቅኔ ቤት ያልዋለ ባለቅኔ» ይሉኛል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ደስ ግን አይለኝም።

በዚያ ዓመት እግሬ አንድ ቦታ አልረጋም ብሎኝ ነበር። በቅሎ ጭነው ወደ ደብረ ታቦር ከሚወጡ ነጋዴዎች ጋር ተነጋግሬ፣ ከመንገዱ እንደ ተመለስሁ ሰኞ ማለዳ አብሬአቸው ልወጣ ወስኜ ነበር፤ ጸሐፊ የሚፈልግ ቢሮ አይጠፋም ብዬ። ይህንንም አገሩ ሁሉ ሰምቷል። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ለእኔ እስከዚያ ቀን የሚያቆየኝ ነገር ነበር።

ጥር ውስጥ ወጣን። ስማዳ የደረስነው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ከወገዳ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ሜዳ ላይ፣ ቆርቆሮው ከሩቅ እንደ ኩሬ ያብረቀርቃል። አጎቴ ገና ሲያዩት ቆመው አማተቡ። «ይኸውልህ» አሉ፤ «እዚህ ቤት ጃንጥላ የሚይዝ ዲያቆን የለም።» በማግስቱ ቅዳሴ ላይ ቆምን። ፀሐይ እየወጣች ቆርቆሮውን ስታሞቀው ከላይ ቋ፣ ቋ ይል ጀመር፤ ሰዉ ለምዶታል፣ ቀና የሚል የለም። ከቅዳሴ በኋላ የአጥቢያው ቄስ አጎቴን ሲሸኟቸው «ክረምት ላይስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ክረምት ላይማ ዝናቡ ሲወርድ ዝም እንላለን።»

«እንዴት ዝም?»

«ወንጌሉን የያዘው ያቆማል። ማን ይሰማዋል? ሲያባራ እንቀጥላለን። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ አቁመናል።»

አጎቴ ግን «እንኳን አላፈሰሰ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከእቃ ቤቱ ጀርባ፣ ሳማ ውስጥ፣ ረዣዥም እንጨቶች ተደራርበው አየሁ። የአሮጌው ቤት አግዳሚዎች ናቸው። አንዱን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት፤ አቧራው ሲነሣ ከሥሩ የተቀረጸ ሐረግ ወጣ፤ ጠመዝማዛ፣ ቅጠሉ ሁሉ የተቆጠረ። በሌላው በኩል ግን ምስጥ በልቶት በጣቴ ስነካው እንደ በሶ ተናደ። ቄሱ ከኋላዬ መጡ።

«ለምን እዚህ ጣላችሁት?»

«የት እናድርገው ታዲያ? የቤተ ክርስቲያን እንጨት ነው። ምድጃ ውስጥ አይገባ፣ በሰው ቤት ላይ አይማገር። እስኪበሰብስ እንጠብቃለን።»

ይህን አልጻፍሁትም። ትንሽ ነገር መሰለኝ። ልቤ ገና ወዳላየሁት፣ ጋይንት ወዳለው ቤት ነበር።

ታች ጋይንትን አቋርጠን ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ስንወጣ፣ ቦታውን ያገኘነው በአራተኛው ቀን ማለዳ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አውድማ አለ፤ ሰዎች በበሬ ገብስ ያበራያሉ። አጎቴ «ይባርክላችሁ!» ብለው ሊያልፉ ሲሉ አንዱ መንሹን ተክሎ ጮኸ።

«ኧረ አባ! አውድማ ሳይቀመስ ይታለፋል? በረከቱን ይዘውብን ሊሄዱ ነው?»

«ወደ ደጀ ሰላም ነኝ፤ አልቀመስሁም ልጄ። እግዚአብሔር ያብዛላችሁ።»

«እርስዎስ ይሁን። አንተስ? አንተም ቄስ ነህ? ጥምጣምህን የት ጣልኸው?»

በአገራችን አውድማ ላይ የደረሰ ሰው ሳይቀምስ ካለፈ ክምሩን እንደ መርገም ይቆጠርበታል። ልጅነቴን ሁሉ የሰማሁት ነው። በቅል የቀረበልኝን ጠላ ጠጣሁ፤ ከዚያም እፍኝ ቆሎ። አጎቴ አንድ ጊዜ ጠንከር ብለው ሳሉ። የሳሉት ለምን እንደ ሆነ የገባኝ ቆሎውን ከጨረስሁ በኋላ ነው።

የዚያ ቤተ ክርስቲያን ገበዝ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ የበሩን ቁልፍ በጠፍር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል።

«ከየት ናችሁ?»

«ከእስቴ» አሉ አጎቴ።

«ሩቅ ነው። ለመሳለም ነው ለማየት?»

«ለመሳለም» አሉ አጎቴ። «ለማየት» አልሁ እኔ። አፋችን እኩል ነው የተከፈተው።

ገበዙ ሁለታችንንም አዩን። «እህል የቀመሰ አለ?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ጢሜ ላይ ገለባ እንዳለ የሚሰማኝ መሰለኝና በእጄ ጠረግሁት፤ ያን ጊዜ አለቀ። «ጠላ ብቻ ነው» አልሁ።

«ጠላው ከምን ተጠምቆ ነው? ከውኃ ብቻ?» አሉና በጣታቸው አመለከቱኝ። «እዚያ ወይራው ሥር ጥላ አለ።»

አጎቴ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እኔ ወይራው ሥር አልተቀመጥሁም። ግቢውን ዞርሁት፤ ደግሞ ዞርሁት። የሣሩን ቤት ከውጭ አየሁት፤ ከእኛው የሚለየው ሣሩ አዲስ መሆኑ ብቻ ነው፤ በቅርቡ ከድነውታል። በሩ ገርበብ ስላለ በስንጥቁ አጮለቅሁ። የታየኝ የድንጋዩ ቤት አንድ ማዕዘን ብቻ ነው፤ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ፤ ከግድግዳው ደግሞ የእንጨቶቹ ጫፍ እንደ ተጨበጠ እጅ ወጣ ወጣ ብሏል። ከዚያ በላይ ጨለማ ነው።

«ጣሪያው ላይ ምን አለ?» ብዬ ገበዙን ጠየቅኋቸው።

«ሐረግ አለ። መስቀል አለ። አውሬም አለ።»

«ምን አውሬ?»

«እኔ ምን አውቄ! አራት እግር አለው።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ነገ ማለዳ ለኪዳን እከፍታለሁ። ሳትቀምስ ና፤ አንተው ለይተህ ትነግረኛለህ። ማደሪያ እኔ ቤት አለ።»

አጎቴ ሲወጡ ይህንኑ ነገሯቸው። እሳቸውም እሺ አሉ፤ ደክሟቸውም ነበር። እንቢ ያልሁት እኔ ነኝ።

«የእሑዱ ጉባኤ ይደርስብናል» አልሁ።

«እሑድ እኮ ሩቅ ነው፤ ገና ማክሰኞ ነው።»

«ወንዙ፣ ዳገቱ... አባ፣ እንሂድ። በቂ አይቻለሁ።»

አንድ ሌሊት ነበር የተጠየቅሁት። ለምን እንዳላደርሁ ዛሬም ለራሴ ስነግረው አጥጋቢ ነገር አይወጣኝም። የሚጠብቀኝ ነገር አልነበረም። ብቻ ቁጭ ብሎ መንጋቱን መጠበቅ ለእኔ እንደ መታሰር ነበር፤ የደረስሁበት ቦታ ሁሉ ደርሼ ሳልጨርስ ይጠበኛል። አጎቴ ስልቻቸውን አነሡ።

መንገድ ላይ ያልገባሁበትን በእሳቸው ዓይን ልገባ ሞከርሁ።

«ስንት ምሰሶ አለው?»

«አልቆጠርሁም።»

«ጣሪያውስ?»

«ቀና አላልሁም።»

«አባ፣ ይህን ያህል ጊዜ ቆይተው ታዲያ ምን አዩ?»

«ልሳለም ነው የገባሁት፤ ሰገድሁ፣ ግድግዳውን ሳምሁ።» ትንሽ ሄዱና እንዲህ አሉ፤ «ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። እስካሁን ከንፈሬ ላይ አለ።»

«ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?»

«አትጻፈዋ።»

ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ አራት ገጽ ጻፍሁ። ምሰሶውን ስምንት አደረግሁት። አራት እግር ያለው አውሬ አንበሳ ሆነ፤ ጋማም አወጣሁለት። የቤታችን መፍረስ እንዲቀር ፈልጌ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ስጽፍ ደስ ስላለኝም ነው የጻፍሁት፤ ይህም እውነት ነው። የስማዳው ቆርቆሮ በአንድ መስመር አለቀ። የምስጡ እንጨት አልገባበትም።

አሁን ጭቃ ሹሙ ስለ እግሬ እየጠየቁኝ ነው።

«አልገባሁም» አልሁ።

ሳቁ እንደገና ተነሣ፤ ጭቃ ሹሙ ግን አልሳቁም። «ይኸው! ማመልከቻ ነው የጻፈልን። እኛን ጃንሆይ አደረገን! አለቃ፣ በቃ ሰኞ ሣሩ ይውረድ። ግንበኛው እስከ መቼ ይጠብቀናል?»

አለቃው እጃቸውን አነሡና ወደ አጎቴ ዞሩ። «አንቱ ገብተዋል። ልጁ እንደ ጻፈው ነው?»

አጎቴ ቆርቆሮ ፈላጊ ናቸው። «አይደለም» ቢሉ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አላውቅም» አሉ። «ገብቻለሁ፤ አላየሁም። ዓይኔ መሬት ላይ ነበር። ነው ብል እዋሻለሁ፤ አይደለም ብልም እዋሻለሁ።»

«አቤት ጉድ!» አለ አንዱ ከጥግ። «አንዱ ዓይኑን ይዞ ደጅ ቀረ፣ ሌላው ዓይኑን ደጅ ትቶ ገባ። ሁለት ሰው ልከን አንድ ሰው አልሞላ አለን!»

አለቃው ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም። «ወረቀቱን እጠፈው። ያየኸውን ንገረኝ። ያየኸውን ብቻ።»

ወረቀቱን አጠፍሁት። ከዚያ ስለ ስማዳው እንጨት ነገርኋቸው። እቃ ቤቱ ጀርባ ሳማ ውስጥ እንዳለ፣ በነጠላዬ ስጠርገው ሐረግ እንደ ወጣ፣ በሌላው ጎኑ በጣቴ ስነካው እንደ በሶ እንደ ተናደ። ቄሱ ያሉትንም ደገምሁላቸው፤ ምድጃ አይገባ፣ በሰው ቤት አይማገር፣ እስኪበሰብስ ይጠበቃል። ሌላ ምንም አልጨመርሁበትም፤ የምጨምርበትም አልመጣልኝም።

ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ «የእኛም እንጨት አለው?» ብሎ ጠየቀ። እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሐረግ አለው አለ፣ አንዱ ሥዕል ነው አለ፣ አንዱ ጥላሸት ስለ ሸፈነው አይታወቅም አለ። ዕድሜ ልካቸውን የተሳለሙበት ቤት ነው። እኔም ብጠየቅ አልመልስም ነበር፤ እዚያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት ቆራቢ ልጅ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴውን የማሳልፈው ግቢው ውስጥ፣ ጽዱ ሥር፣ አንድ እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነው።

አለቃው በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ሣሩ አሁን አይነካም። አንተ ነገ ሳትቀምስ ና። በኪዳን ጊዜ ጧፍ አብርተንልህ ትገባለህ። የእኛን ቤት እይ። ያየኸውን ጻፍ፤ አንድ ቀን የማይበቃህ ከሆነ ማግስቱንም ና። በሚመጣው እሑድ ታነበዋለህ፣ ያን ጊዜ ይፍረስ ወይም ይቆይ እንላለን።»

«ነገ?» አልሁ።

ያልሁት ይህን ብቻ ነው። ግን ነገ ሰኞ ነው፤ ነጋዴዎቹ ጎህ ሲቀድ በገበያው ሜዳ በኩል ያልፋሉ። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ በቅሎዎቹም፣ ደብረ ታቦርም፣ የእኔም እግር ለሁሉም ተሰሙ። ጭቃ ሹሙ ወደ አለቃው ዞረው እጃቸውን ዘረጉ፤ ይኸውልዎት እንደማለት።

አጎቴ ተነሡ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን ድካም እንጂ ቁጣ አልነበረም። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ጋይንት ላይ አንድ ሌሊት ጠብቅ ተብሎ አልጠበቀም» አሉ ለአለቃው። «አያስገድዱት። እኔ እገባለሁ። ቆርቆሮ የፈለግሁ እኔ ነኝ፤ የሚፈርሰውን ሳላይ ይፍረስ አልልም። ነገ ቀና ብዬ አያለሁ።»

«ማን ይጽፍልዎታል?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«እኔ እንደሆንሁ አልጽፍም።» አጎቴ ወደ እኔ አላዩም። «ኪዳን ሲያልቅ በዚህ በር እወጣለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ። ብዕር ያለው ሰው ደጁ ላይ ካለ ይጽፈዋል። ከሌለም ለራሴ ይዤው እኖራለሁ።»

የታጠፈው ወረቀት እጄ ላይ ነበር። «አባ» አልሁ።

መቋሚያቸውን ይዘው በሽማግሌዎቹ ጉልበት መካከል አለፉ። መዝጊያው ተንቋረረና ከኋላቸው ተዘጋ።